ሁለት አናፑርና ባንድ ቤት

«አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አናፑርና አይቀመጥም አሉና የእትዬን ምስል ትናንት በክብር ሸኘናት» አለች ሩጁታ በስልክ። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ሳሪዋን ትጠቀልል ስለነበር፣ ከወዲያ ያለችው እህቷ የምትለው ሁሉ ቀጭኑን የጣውላ ግድግዳ አልፎ ማድ ቤት ድረስ ይሰማል። «እሷ ራሷስ?» አለች እህትየዋ። «እሷማ እሑድ አላንዲ ትገባለች። የአረጋውያን ቤት ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ግቢው ዛፍ አለው፣ ሐኪም በየሳምንቱ ይመጣል። ማካራንድ ገና አልነገራትም። የዛሬው ግብዣ ይለፍና ይነግራታል።» ከዚያ ሁለቱም ስለ ሳሪው ቀለም ማውራት ጀመሩ።

ፕራሚላ ከግድግዳው ወዲህ መሬት ላይ ተቀምጣ ሊጥ ትዳምጥ ነበር። ሩጁታ የታናሽ ወንድሟ የማካራንድ ሚስት ናት። ማካራንድ ይህን ፑኔ ከተማ መሀል ያለ የአባቱን አሮጌ ቤት ለአንድ ሕንፃ ሠሪ ሸጦ ኮትሩድ ሰፈር ሰባተኛ ፎቅ ላይ አፓርታማ ገዝቷል። ዛሬ ረፋድ ላይ ካህን መጥቶ አዲሱን ቤት ይባርካል፤ እንግዳ ይጋበዛል። የእንግዳው ምግብ ግን የሚሠራው እዚህ ነው፤ አዲሱ ማድ ቤት ገና ከመጀመሪያው ቀን ዘይት እንዳይለምድ። የምትሠራው ደግሞ ፕራሚላ ናት። በረከቱ ላይ ግን አትገኝም፤ ባል የሌላት ሴት እንዲህ ባለ ቀን ፊት ለፊት ባትታይ ይሻላል ተብሏል። ማን እንዳለው አይታወቅም። በዚህ ቤት እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ «ተብሏል» ነው፤ ያለው ሰው ተገኝቶ አያውቅም።

አናፑርና የእህል እናት የምትባል አምላክ ናት። የፕራሚላዋ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ፣ ጭልፋዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ የተቀመጠች የነሐስ ምስል ናት። ፕራሚላ ሙሽራ ሆና ከዚህ ቤት ስትወጣ እናቷ በእጇ ያስያዘቻት እሷን ነው፤ ልጅቷ በገባችበት ቤት እህል እንዳይጠፋ። በኋላ ባልየው ሌላ ሴት አምጥቶ በሩን ሲያሳያት ወርቁም፣ ዕቃውም፣ ሳሪዎቹም እዚያው ቀሩ። አናፑርናን ግን «የኛ ናት» ሊል የደፈረ አልነበረም፤ ሙሽራ ይዛት የመጣችው አናፑርና የሙሽራዋ ናት። ፕራሚላ በእጇ ጨብጣት ተመለሰች። እናቷ ምንም አልጠየቀቻትም። ማድ ቤቱ ጥግ ካለው የአማልክት ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከራሷ አናፑርና አጠገብ እፍኝ ሩዝ ቆለለችና አስቀመጠችላት። ያኔ ሁለት ሆኑ። ሩጁታ ስታገባ የራሷን ይዛ መጣች፤ ሦስት ሆኑ። እናትየው ስትሞት የሷን ለአንዲት ሙሽራ የዘመድ ልጅ ሰጧትና ተመልሰው ሁለት ሆኑ። በዚህ ሁሉ ዘመን ጣሪያው አልወደቀም፤ እህልም አልጠፋም። ዛሬ ነው መቁጠር የጀመሩት።

ተነስታ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ትናንት አመሻሹ ላይ እሷ ቅቤ ልትገዛ ወጥታ ሳለ ማካራንድ አማልክቱን አንድ በአንድ ጠቅልሎ ወስዷቸው ነበር። ስትመለስ ባዶውን ቁምሳጥን አይታ ዕቃ እየተጓጓዘ አይደል፣ ሁሉም አብረው ሄደዋል ብላ በሩን ዘግታ የቂጣውን ሊጥ ወደማቡካቱ አለፈች። አሁን ጠጋ ብላ አየች። ሁለት የሩዝ ቁልሎች ነበሩ። አንዱ፣ የሩጁታዋ የምትቀመጥበት፣ ተጠርጓል። የሷ ግን እንዳለ ነው፤ መሀሉ ላይ የተቀመጠችበት ጎድጓዳ እንኳ አልፈረሰም፤ ጉንዳን እየዞረው ነበር። ሩዟን እንኳ ሊወስዱላት አልፈለጉም።

የሚሸኝ ምስል አለ፤ የለም አትልም። የጭቃው ባለ ዝሆን ራስ አምላክ ጋኔሽ ኩምቢው ሲሰበር፣ የወረቀቱ ሥዕል ውሃ ሲገባበት፣ የነሐሱ ክንድ ሲቀነጠስ አይመለክም፤ ወንዝ ይገባል። እናቷ ግን ለዚያም ወግ ነበራት። መጀመሪያ ይቅርታ ትጠይቃለች። ከዚያ ለመንገድ ስንቅ ይሆን ዘንድ ምስሉ መዳፍ ላይ ጠብታ እርጎ ታደርጋለች፣ «ተመልሰህ ና» ትላለች፣ በሁለት ጣት ትንሽ ነቅነቅ ታደርገዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚነሣው። «ይህን ሳታደርጊ ባሕር ብትከቺው አልሄደም» ትል ነበር፤ «ያልተሸኘ አልሄደም። ሳሎንሽ መሀል ተቀምጦ ያይሻል።» ፕራሚላ ልጅ ሆና ይህን ስትሰማ ሳሎን መሀል በእግር ጣቷ ነበር የምታልፈው።

ሩጁታ ሻይ ልትቀዳ ማድ ቤት ገባች። አዲሱ ሳሪ ላይዋ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ሐር፣ ጠርዙ ወርቅማ፤ ከማካራንድ የወር ደሞዝ ግማሹን የበላ ሳሪ። ፕራሚላ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀቻት።

«አናፑርናዬ የት ናት?»

ሩጁታ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እትዬ፣ በክብር ነው የተሸኘችው። ቀይ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ አበባ ተደርጎላት። አዲሱ የእምነበረድ መሠዊያ ጠባብ ነው፤ ቤቱን የነደፈልን ሰውም፣ ካህኑም ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ብቻ ነው ያሉት።»

«ምን ተሰብሮባት ነው?»

ሩጁታ ብርጭቆውን መልሳ አነሣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ዓይንሽን እያየ ነው የሚጎዳሽ። እሷ ሻዩዋን በችኮላ ፉት አለች፣ የቂጣውን ቁልል አየች፣ ከዚያ «ይህን ከማካራንድ ጋር ብትነጋገሩ ይሻላል። ቂጣው ስንት ደረሰ? ዲጋምባር በአራት ሰዓት መኪናውን ይዞ ይመጣል» ብላ ባጃጅ ጠርታ ሄደች። በሩ ላይ ጫማዋን ስታጠልቅ እንኳ ወደ ኋላ አላየችም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሊጡን ግድግዳ ላይ ይለጥፈው ነበር። ፕራሚላ ግን ተመልሳ ተቀመጠችና ዳመጠች። ሽምብራው ተቀቅሎ፣ ከቡናማ ስኳርና ከሄል ጋር ተፈጭቶ ቀርቧል። እሱን በሊጥ መሸፈን፣ በስሱ መዳመጥ፣ መጥበሻው ላይ ማገላበጥ፣ ሲነፋ በቅቤ ማበስ ነው። እጇ ያውቀዋል። ያናደዳትም ይኸው ነው፤ እጇ ማቆም አለማወቁ። ቅቤውን በራሷ ገንዘብ ነው የገዛችው፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ርካሽ ቅቤ ሽታ ስላልጣማት ጨምራ ውዱን ገዛች። ለማን? «የዛሬው ግብዣ ይለፍና» ለሚሏት። ማካራንድ ሕፃን ሳለ በእጇ ነው የበላው። ፈተና በሄደ ቁጥር እርጎ መዳፉ ላይ እያደረገች «በደህና ግባ፣ በደህና ተመለስ» ብላ የሸኘችው እሷ ናት። ሲታመም፣ ሲያገባ፣ ልጁ ሲወለድ፣ እናታቸው አልጋ ይዛ ስትማቅቅ፣ ይህን ጭልፋ ማን ያዘ? እሷ ከዚህ ማድ ቤት ውጭ ሌላ ሥራ እንደሌላት ሁሉም ያውቃል፤ ስለሚያውቁም ነው እንደ ግድግዳው ምሰሶ የቆጠሯት። አሁን ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ ምሰሶ ደግሞ ሲፈርስ ለማገዶ ይሸጣል። አንዱ ቂጣ ተቀደደባት። ጣለችውና ሌላ ጀመረች።

ዲጋምባር መጣ። የማካራንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ ትናንት አማልክቱን ያጓጓዘው እሱ ነው፤ ዛሬም በውለታ ነው የሚነዳው። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሰው ሲቆጣ የሚስቅ ዓይነት ነው። ትልልቆቹን ድስቶች፣ የሩዙን፣ የክኩን፣ የድንቹን፣ ቂጣው በጨርቅ ከተሸፈነበት ቅርጫት ጋር ተጋግዘው መኪናው ውስጥ ከተቱ። የቅቤውን ማሰሮ ፕራሚላ ራሷ ሩዙ ድስት ውስጥ፣ ክዳኑ ስር ሸጎጠችው፤ እንዳይደፋ። ከዚያ ዲጋምባር «እንግዲህ እትዬ፣ ደህና ይሁኑ» ብሎ በሩን ሊዘጋ ሲል ወደ ውስጥ ገባችና ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ዱቄት ነበር።

«ትናንት ማካራንድ የሰጠህን ከረጢት የት ጣልከው?»

ዲጋምባር ሳቀ፤ ማለትም ደነገጠ። «መጣል አይባልም እትዬ። ጌታዬ ወንዝ ክተተው አሉኝ። ወንዙ ዳር ጥበቃ አለ፤ ወንዙ ተበክሏል ብለው ምስል መክተት ከልክለዋል። ለምስሎች የተሠራው ማስጠመቂያ ገንዳ ደግሞ ከበዓል ውጭ ባዶ ነው፤ ውሻ ተኝቶበታል። እንግዲህ ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ድልድዩ አጠገብ ዋርካው ሥር አኖርኩት። ቀስ ብዬ ነው ያኖርኩት።»

«ወደዚያ ንዳ።»

«እንግዶቹ እየጠበቁ ነው። ሥርዓቱ ሊያልቅ ነው።»

«ይጠብቁ» አለች። «እኔ ስንት ዘመን ጠብቄያለሁ።»

ዋርካው ግንዱ ሰፊ፣ ሥሩ የእግረኛውን መንገድ ሰንጥቆ የወጣ ነው። ሰው ክር ይጠመጥምበታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መብራት ያበራበታል። ይህ ግን ከግንዱ ፊት ለፊት ብቻ ነው። ከግንዱ በስተጀርባ፣ ከግምቡ ጋር ባለው ጥግ፣ የከተማው ሁሉ አማልክት ተከምረዋል። መስታወታቸው የተሰነጠቀ ሥዕሎች ፊታቸውን ወደ ግምቡ አዙረው ቆመዋል። ዓመቱ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ላይ ያለች እመቤት አለች። ዝናብ እግሩን ያሟሟው ጋኔሽ አለ፤ የፕላስቲክ አበባ፣ ጠርዙ የተሰበረ መብራት፣ የዕጣን ሣጥን አለ። ሰዉ አምላኩን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ለመክተት ያፍራል፤ ወንዝ ድረስ ለመሄድ ደግሞ ይሰንፋል። ስለዚህ ዋርካው ሥር ያኖርና እጁን አጋጥሞ ጎንበስ ብሎ፣ ዕዳውን ለዛፉ አስረክቦ ወደ ቢሮው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ የለም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ግን አለ፤ ሰማያዊ የሥራ ካባ ለብሳ፣ የላስቲክ ጓንት አጥልቃ፣ መጥረጊያዋን ግምቡ ላይ አስደግፋ ክምሩን የምትለይ ሴት አለች። መስታወቱን ወደዚህ፣ እንጨቱን ወደዚያ፣ ጭቃውን ወደ ጆንያ። የማዘጋጃ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ታራባይ ይሏታል። ፕራሚላ መንገድ ላይ ለዓመታት አይታታለች፤ ስሟን ጠይቃት ግን አታውቅም።

«ትናንት ማታ ቀይ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ የነሐስ ምስል ነበረች» አለቻት ፕራሚላ፣ ሳሪዋን ከጭቃው ሰብስባ። «ጭልፋ የያዘች።»

ታራባይ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ያንቺ ናት?»

አንቺ ስትባል ፕራሚላ ቅር ሊላት ይገባ ነበር፤ ዛሬ ግን ቅር ለመሰኘት ቦታ አልተረፋትም። «የኔ ናት።»

«ታዲያ ለምን ጣልሻት?»

«እኔ አልጣልኳትም። ጣሉብኝ።»

ታራባይ ጓንቷን አወለቀች። «እንዲህ ያለ መልስ እዚህ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላው ሁሉ ‹አልጣልኩም፣ አኖርኩ› ነው የሚለኝ። ነይ፣ ቤቴ ናት።»

ቤቷ ከድልድዩ ሥር ወደ ወንዙ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ። ዲጋምባር መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቃል፤ ስልኩ ይጮኻል፤ አያነሳውም፤ ከዚያ ያነሳና «መንገድ ተዘጋግቷል ጌታዬ» ይላል። ፕራሚላ ደፉ ላይ ጫማዋን አወለቀችና አፍታ ቆመች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ቤት ገብታ አታውቅም። ቤታቸው ቆሻሻ ሊወስዱ የሚመጡት ሰዎች ውሃ ሲጠይቁ ከበሩ ውጭ በተለየ ብርጭቆ ነበር የሚሰጣቸው፤ ብርጭቆውን የምታስቀምጠውም እሷ ነበረች። ይህ ትዝ ሲላት ለወንድሟ ያሰበችው ንዴት ጥቂት ወደራሷም ዞረ። ገባች።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ የቡድሃ ሥዕል። ታራባይ መደርደሪያ ላይ ያለ የሩዝ ቆርቆሮ አወረደችና ክዳኑን ከፈተች። አናፑርና እስከ ወገቧ ሩዝ ውስጥ ተቀምጣለች። ጭልፋዋ ጉልበቷ ላይ አለ። ጭቃው ታጥቦላታል።

«እኛ ቤት እነዚህን አናመልክም» አለች ታራባይ። «አያቶቻችን ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ በሩ ላይ ዱላ ይዛችሁ ቆማችሁ፤ እኛም ትተንላችሁ ወደ ቡድሃ ሄድን። አሁን ቤተ መቅደሱ እኛ ዘንድ መጥቷል። በየቀኑ አማልክታችሁን የምሰበስበው እኔ ነኝ። ጋኔሹንም፣ እመቤቲቱንም ጆንያ ውስጥ ስከት ‹ይሄ ነው እንግዲህ እንዳንነካው የተከለከልነው?› እላለሁ። ሥራዬ ነው፣ አልቆጣም። ይህችን ግን ጭቃ ላይ በግንባሯ ተደፍታ ሳያት ጆንያ ውስጥ መክተት አቃተኝ። አምላክ ስለሆነች አይደለም። ጭልፋ የያዘች ሴት ናት። ወጥ ስትሠራ ኖራ የጣሏት መሰለኝ። የልጅ ልጄ እንዳይጫወትባት ሩዝ ውስጥ ከተትኳት።»

ምስሏ ሩዝ ላይ መቀመጥ እንዳለባት ግን ለታራባይ ማንም አልነገራትም። ፕራሚላ ቆርቆሮውን ተቀብላ አቀፈችው። ከጠዋት ጀምሮ አላለቀሰችም፤ አሁንም አላለቀሰችም፤ ግን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ታራባይ ሻይ አፈላች። ፕራሚላ በዚያው ቤተሰቡ በሚጠጣበት ብርጭቆ ጠጣች። የበላችው ነገር አልነበረም፤ እንግዳ ሳይበላ አብሳይ አይቀምስም። መኪናው ውስጥ ለሠራዊት የሚበቃ ምግብ ተጭኖ እሷ ባዶ ሆዷን ነበረች። ተነሥታ ወደ መኪናው ሄደች፣ ከቅርጫቱ ሞቅ ያለውን ቂጣ በሁለት እጇ አንሥታ መጣችና አንድ ቁልል ታራባይ ሰሃን ላይ አኖረች።

«የእንግዳው አይደለም እንዴ?» አለች ታራባይ።

«እንግዳ አንቺ ነሽ» አለች ፕራሚላ። አናፑርናን በሳሪዋ ጫፍ ቋጠረች።

«የት ታስቀምጫታለሽ?»

ጥያቄው መንገዱን ሁሉ አብሯት ሄደ። አላንዲ መደርደሪያ ይኖር ይሆን? አልጋ በአልጋ በተደረደረበት አዳራሽ፣ ማድ ቤቱ የሌላ ሰው በሆነበት፣ እፍኝ ሩዝ ከማን ትጠይቃለች? እዚያ እህል በሰዓት ይሰፈራል እንጂ አይበሰልም። ጭልፋ የሌላት አናፑርና ነሐስ ናት፤ ማድ ቤት የሌላት ፕራሚላ ደግሞ ምን እንደምትባል አላወቀችም። ኮትሩድ ሲደርሱ ንዴቷ ቀዝቅዞ ጠንክሯል። ዲጋምባርን ድስቶቹን ይዞ በአሳንሰሩ እንዲወጣና እሷ ሳትለው ግን ደፍ እንዳያልፍ ነገረችው። ዲጋምባር ሳቀ።

ሰባተኛ ፎቅ በሩ ላይ የቢጫ አበባ ጉንጉን ተንጠልጥሏል። ሥርዓቱ ካበቃ ቆይቷል። እንግዶቹ ምንጣፍ ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ባዶ የቅጠል ሰሃን አለ። ከሩጁታ አባትና እናት ጀምሮ የማካራንድ አለቃ፣ ጎረቤቶች፣ ካህኑ ሳይቀር ረሀብ የያዘው ሰው ፈገግታ ይዘዋል። ማካራንድ ወደ በሩ ሮጦ መጣ። ነጭ የሐር ልብሱ ግንባሩ ላይ ካለው ቀይ ምልክት ጋር ሙሽራ አስመስሎታል።

«እትዬ፣ ምን ሆናችሁ? ምግቡስ?»

«ከኋላዬ ነው» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ቀኝ እጇን ከፍታ ዘረጋችለት። «መጀመሪያ እርጎ አምጣ። መዳፌ ላይ አድርግና ‹ተመልሰሽ ነይ› በለኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እሷን ሳትሸኙ ነው የጣላችኋት። ጭቃ ላይ። እኔን ግን በወጉ ትሸኘኛለህ። እሑድ ድረስ አልጠብቅም።»

ማካራንድ ፊቱ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ እባክሽ፣ ሰው ፊት…»

«ሰው ፊት ነው እንጂ። ተደብቆ የሚወጣ የተሰረቀ ዕቃ ነው።»

የሩጁታ አባት፣ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፣ ከተቀመጡበት አንገታቸውን አስግገው «ልጄ፣ ወዴት ልትሄጂ ነው?» አሏት።

«አላንዲ አባቴ፤ የአረጋውያን ቤት። ዛፍ አለው አሉ።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፤ ሩጁታ የሐር ሳሪዋን ጫፍ ታስተካክላለች። ካህኑ የቅጠሉን ሰሃን ያጠና ጀመር። ማካራንድ የሥርዓቱ ትሪ ላይ የተረፈውን የእርጎ ሳህን አነሣ፤ ሰው ሁሉ እያየው ነውና አንድ ነገር ማድረግ ነበረበት። በማንኪያ ጨለፈ። እጁ ከመዳፏ በላይ ቆመ። መዳፏ ላይ የዛሬ ጠዋት የመጥበሻ ቃጠሎ አለ፤ ከሱ ሥር የቆዩ ቃጠሎዎች አሉ። በፈተና ቀን ጠዋት በር ላይ ቆሞ እጁን የዘረጋው እሱ የነበረ ጊዜ ትዝ ብሎት ይሁን፣ የአለቃውን ዓይን ፈርቶ ይሁን እሱ ያውቃል። ማንኪያውን መለሰው። እርጎው ሳህኑ ውስጥ ወደቀ።

ፕራሚላ እጇን ትንሽ ጊዜ ዘርግታ ቆየች። ከዚያ አጠፈችው።

«አልሸኘኸኝም» አለች። «ያልተሸኘ ደግሞ አልሄደም። እማማ ያለችውን አልረሳህም። አላንዲ ያለውን አልጋ ለሌላ ሰው ስጡት በላቸው።»

አልፋው ገባች። የእምነበረዱ መሠዊያ ያማረ ነው፤ ከውስጥ በመብራት ያበራል። የሩጁታ አናፑርና ሩዝ ሳይኖራት ባዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ሩዝ ጉንዳን ይስባል ብሎ ቤቱን የነደፈው ሰው ከልክሏል። ፕራሚላ ለዲጋምባር በራሷ ምልክት ሰጠችው፤ ድስቶቹ ገቡ። ሥርዓቱ ላይ ከተረፈው ጥሬ ሩዝ ሁለት እፍኝ ዘግና ድንጋዩ ላይ ቆለለች። የሩጁታን አናፑርና ቀስ ብላ አንሥታ አንዱ ላይ አስቀመጠቻት፤ የልጅቷ እናት የሰጠቻት ናት፤ እሷ ምን አጠፋች። የራሷን ከሳሪዋ ጫፍ ፈትታ ሁለተኛው ላይ አኖረቻት። ጠባብ የተባለው መሠዊያ ላይ ገና ብዙ ቦታ ተርፏል።

ከዚያ እጇን ታጠበችና በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ጭልፋውን አላነሣችም። ወደ መጀመሪያው ረድፍ ሄዳ ከሩጁታ አባት አጠገብ፣ ባዶ የቅጠል ሰሃን ፊት፣ ዱቄትና ጭቃ የነካው ሳሪዋን ሰብስባ ተቀመጠች። ሽማግሌው ትንሽ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«አቅርቡልን» አለች።

ቆይቶ ሩጁታ ሐር ሳሪዋን ወገቧ ላይ ሸጎጠችና የድንቹን ድስት አነሣች። ማካራንድም የሩዙን ድስት ከፈተ፤ ማሰሮ ቢጤ ተደንቅሮበት ሲያይ ምንነቱን ሳያውቅ አውጥቶ ወደ አንድ ጥግ ገፋው። ጭልፋ አያያዙን አያውቅበትም፤ ሩዙ ቅጠሉ ዳር ተበተነ። ከሽማግሌው ጀምሮ አቀረበ። ፕራሚላ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ፣ ሩዝ አደረገላት፣ በላዩ ክክ አፈሰሰ፣ ዓይኗን ሳያይ ሊያልፍ ሲል «ቅቤ ረስተሃል» አለችው።

ተመልሶ ሄደ። ድስቶቹን አንድ በአንድ እየከፈተ አየ፣ አዲሱን ቁምሳጥን ሁሉ ከፈተ፣ ሩጁታን በሹክሹክታ ጠየቃት፣ እሷም አላወቀችም። በመጨረሻ እንግዳው ሁሉ እያየው ምንጣፉ ዳር መጥቶ ቆመ።

«እትዬ» አለ፣ «ቅቤው የት ነው?»

ፕራሚላ ሩዟን በጣቶቿ ሰብሰብ አደረገች።

«ፈልገህ አምጣ» አለችው።